ክርክሩን የፈታው ቀለበት

ስለ ኤሌክትሪክ ታሪክ ሲወራ የቶማስ ኤዲሰንና የኒኮላ ቴስላ ፍጥጫ ሳይነሳ አይታለፍም። ኤዲሰን አቅጣጫውን ለማይቀይረው ዲሲ፣ ቴስላ ወዲያና ወዲህ ለሚመላለሰው ኤሲ ተሟገቱ፤ በመጨረሻም ኤሲ አሸነፈ ይባላል። ይህ አተራረክ የሁለት ሰዎችን እልህ ሲያጎላ ፍርዱን የሰጠውን ዕቃ ይረሳዋል። ዕቃው ትራንስፎርመር ነው፤ ጠባዩም የታወቀው ሁለቱ ሰዎች ሳይወለዱ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 የአንጥረኛው ልጅ ማይክል ፋራዴይ፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን፣ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የብረት ቀለበት አንድ ጎን ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። በሌላው ጎን ከመጀመሪያው ጋር የማይነካካ ሁለተኛ ሽቦ ጠመጠመ። ዙሩ ከዙሩ እንዳይገናኝ ጨርቅና ሲባጎ በመሀል አስገባ። የመጀመሪያውን ጥቅል ከባትሪ ጋር ሲያያይዝ ከሁለተኛው ጋር የተገናኘው የመለኪያ መርፌ ዘለል አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደተያያዘ ቢቆይም መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሲያላቅቀው ግን እንደገና ዘለለ፤ አሁን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ።

በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በዙሪያው ማግኔትነት ይፈጥራል፤ ብረቱም ማግኔትነቱን ሰብስቦ ወደ ሁለተኛው ጥቅል ያደርሰዋል። በዚያ ጥቅል ላይ ቮልቴጅ የሚወለደው ግን ማግኔትነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብቻ ነው። ኤሲ ያለማቋረጥ ስለሚለዋወጥ ይህን ያሟላል፤ ዲሲ ከሚበራበትና ከሚጠፋበት ቅጽበት በቀር ወዲያ ማዶ የሚያሻግረው የለም። መጠኑን የሚወስነው የዙሩ ብዛት ነው። ሁለተኛው ጥቅል አሥር እጥፍ ዙር ካለው ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ከረንቱም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ኃይል ከባዶ አይመጣምና።

ከረንት መቀነሱ ምን ይፈይዳል? ሽቦን የሚያግለው ከረንት ነው፤ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 10 ሺህ ዋት በ100 ቮልት እንላክ ብንል 100 አምፒር ያስፈልገናል። የመስመሩ ሬዚስታንስ 0.2 ኦም ከሆነ 2 ሺህ ዋት መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያንኑ ኃይል በ1 ሺህ ቮልት ብንልከው ከረንቱ 10 አምፒር፣ ብክነቱ 20 ዋት ብቻ ይሆናል።

ኤዲሰን በ1882 ኒው ዮርክ፣ ፐርል ስትሪት ላይ የከፈተው ጣቢያ በ110 ቮልት ዲሲ ይሠራ ስለነበር ደንበኞቹ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም መራቅ አይችሉም ነበር። በዚያው ሰሞን አውሮፓ ውስጥ ሉሲየን ጎላርና ጆን ጊብስ በኤሲ የሚሠራ መሣሪያ አቀረቡ፤ ሆኖም የብረት እምብርቱ ዙሪያውን የተዘጋ አልነበረም፣ መሣሪያዎቹም በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ደንበኛ መብራቱን ሲያጠፋ የሌላው ይዛባ ነበር። በ1885 ቡዳፔስት በጋንዝ ፋብሪካ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ እምብርቱን እንደ ፋራዴይ ቀለበት ዘጉት፤ ትራንስፎርመሮቹንም ጎን ለጎን አያያዟቸው። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካዊው ዊልያም ስታንሊ የግሬት ባሪንግተንን ዋና መንገድ በዚህ ዘዴ አበራ። ቴስላ የኤሲ ሞተሩን ፓተንት ያገኘው ከዚህ በኋላ፣ በ1888 ነው። በ1891 ጀርመን ውስጥ የላውፈን ውሃ ያመነጨው ኃይል በ15 ሺህ ቮልት 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፍራንክፈርት ሲደርስ፣ ከተላከው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተገኘ። ክርክሩ በተግባር ያለቀው ያኔ ነው።

ዛሬ በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የዚያው ዘር ነው። በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት የመጣውን አውርዶ ለቤታችን 220 ያደርገዋል። እምብርቱ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን የተደራረበ ስስ ላሜራ ነው፤ ወጥ ቢሆን ራሱ ብረቱ ውስጥ ከረንት ተሽከርክሮ ያግለው ነበር። ሥሩ ስንቆም የሚሰማን እምምታ ደግሞ ማግኔትነቱ ብረቱን በሰከንድ መቶ ጊዜ ሲያንቀጠቅጠው ነው።

ዲሲ ግን ተሸንፎ አልቀረም። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ፣ ሱስዋ ድረስ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር በ500 ሺህ ቮልት ዲሲ ይሠራል፤ እንዲህ ባለ ርቀት ብክነቱ ከኤሲ ያነሰ ነውና። ነገር ግን ቮልቴጁን በመነሻው ከፍ፣ በመድረሻው ዝቅ የሚያደርጉት በሁለቱም ጫፍ የተተከሉ ትራንስፎርመሮች ናቸው። የኤዲሰን ወገን ወደ ሜዳ የተመለሰው የተቀናቃኙን መሣሪያ ይዞ ነው።