የቦሎኛ ተማሪዎች ማኅበርና የደንቡ ለውጥ

ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው ደንብ ሲያወጡ፥ ደንቡም ሲያረጅ መክረው በድምፅ ሲለውጡ ማየት የዚህ ዘመን ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የሕግ ተማሪዎች ይህን ያደርጉ ነበር፤ ያውም መምህሮቻቸውን ጭምር በዚያው ደንብ እያስገደዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በ12ኛው ምእት ዓመት የሮማን ሕግ ለመማር ከጀርመን፥ ከፈረንሳይና ከእስጳንያ ወደ ቦሎኛ ከጐረፉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የበሰለ፥ ገንዘብም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሆኖም በከተማዪቱ ሕግ ፊት መጻተኞች ናቸው። የአገራቸው ሰው ዕዳውን ሳይከፍል የጠፋ እንደ ሆነ ባለ ገንዘቡ እነርሱን ሊይዝ ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ1158 ዓ. ም. እንደ ወጣ በሚነገረው ዐዋጅ ይህን ከለከለላቸው፤ ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሩቅ ነው፥ ኪራይ የሚጨምረው የቤት ጌታ ቅርብ ነው። ስለዚህ በየትውልድ አገራቸው ተከፋፍለው ማኅበር ገቡ። በ13ኛው ምእት ዓመት አጋማሽም እነዚህ ሁሉ በሁለት ታላላቅ ማኅበራት ተጠቃለሉ፤ አንዱ ከአልፕ ተራራ ወዲህ ላሉት፥ ሁለተኛው ከተራራው ማዶ ለመጡት። እያንዳንዱም «ሬክቶር» የሚባል አለቃ ከተማሪዎች መካከል ይመርጥ ነበር። የቦሎኛ ተወላጅ የሆነውን ተማሪ ግን ከተማው ይጠብቀዋልና በማኅበሩ ድምፅ አልነበረውም።

ይህ መብት ያለ ክርክር አልተገኘም። አዞ የተባለው ታላቅ የሕግ መምህር፥ የቆዳ ሠሪ ደቀ መዝሙር በሙያው ላይ አለቃ እንደማይሾም ሁሉ ተማሪም ሊሾም አይገባውም፤ የሙያው ባለቤት መምህሩ ነውና ብሎ ተከራክሯል። በሕግ ሚዛን ሲመዘን ነገሩ የሚናቅ አልነበረም። የተማሪዎቹ መልስ ግን በእግራቸው ነበረ። ከ1217 ዓ. ም. ጀምሮ ከተማዪቱ ትምህርቱን ወደ ሌላ አገር እንዳያዛውሩ በመሐላ ልታስራቸው ብትሞክር የሮማው ጳጳስ ሆኖርዮስ 3ኛ ለተማሪዎቹ አገዘ፤ በ1222 ዓ. ም. ብዙዎቹ ተነሥተው ወደ ፓዱዋ ሄዱ። የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በዚሁ ነው። ተማሪ ሲሄድ ኪራዩም ገበያውም አብሮ እንደሚሄድ ነጋዴው ከሊቁ ይልቅ ፈጥኖ የተረዳው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደንቡ እንመለስ። አንድ ነገር ለጉባኤ የሚቀርበው ሬክቶሩ በየወገኑ ከተመረጡት አማካሪዎች ጋር ከመከረበት በኋላ ነው። ጉባኤው በቅዱስ ዶሜኒኮ ገዳም ይሰበሰብ ነበር። የፈለገ ተነሥቶ ይናገራል፤ በመጨረሻም ድምፅ የሚሰጠው በነጭና በጥቁር ባቄላ ነበር። ማን ምን እንደ ጣለ አይታወቅምና ድኻው ጌታውን፥ ወዳጅም ወዳጁን ሳያፍር ይፈርዳል። ነገር ግን በሰው ወጪ የሚማሩት ድኾች ከጉባኤው እንዲርቁ ተደርገው ነበር፤ ይህን ያህል ጥበብ ላለበት ደንብ ይህ ነውር ነው።

የማኅበሩ ዋና ደንብ ግን በየጉባኤው የሚነካ አልነበረም። ረዘም ያለ ጊዜ ሲያልፍ ለዚሁ ሥራ ተለይተው የሚመረጡ ሰዎች መርምረው ያሻሽሉታል፤ በመካከል ለመለወጥ ግን እጅግ ከባድ ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ተማሪ ጥቂት ዓመት ኖሮ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ የዛሬው ቁጣ የነገውን ተማሪ እንዳያስር መጠንቀቃቸው የሚደነቅ ነው። በ1317 ዓ. ም. ደንቡ ሲታደስ የጽሑፉን ሥራ የመራው መምህሩ ዮሐንስ አንድሬአ ነበር፤ ድምፅ የሌለው መምህር ለድምፅ ሰጪዎቹ ብዕር ሆነ ማለት ነው።

ደንቡም ቀልድ አልነበረም። መምህር ለሬክቶሩ ለመታዘዝ ይምል ነበር፤ ያለ ፈቃድ ለአንድ ቀን እንኳ ቢቀር ይቀጣል፤ ከመጽሐፉ ምዕራፍ ቢዘል ይቀጣል፤ አምስት ሰሚ ያላገኘ እንደሆነም እንደ ቀረ ይቈጠርበታል። እድር ቤት ዘግይቶ የገባ የሚከፍለውን መቀጫ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም።

ይህ ሁሉ ኀይል የቆመው ደመወዙን ተማሪው በመክፈሉ ነው። በ1280 ዓ. ም. ተማሪዎቹ ጋርሲያስ ከሚባል እስጳንያዊ መምህር ጋር በዓመት 150 የቦሎኛ ሊሬ ሊከፍሉት ተዋዋሉ። ብዙም ሳይቈይ ግን ከተማዪቱ፥ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየለመኗት፥ ክፍያውን በእጅዋ አደረገች። ሸክም ቀለለልን ብለው ደስ ሳይላቸው አልቀረም። በ14ኛው ምእት ዓመት መምህራንን የሚመርጡትና የሚቈጣጠሩት የከተማው ሹማምንት ሆኑ። ደንቡ እስከ 1432 ዓ. ም. እየታደሰ ተጻፈ፤ ባቄላውም በሣጥኑ ውስጥ ይጣል ነበር፤ መምህሩ ግን የሚፈራው ሌላ ጌታ ነበረው።