የወፍ በሽታና የጉበት ምርመራ



ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ በአገራችን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ስሙም የሌሊት ወፍ ሽንት ያረፈበት ሰው በዚህ በሽታ ይያዛል ከሚለው ከጥንቱ እምነት ጋራ የተያያዘ ነው። መድኃኒቱም ሩቅ አልነበረም። በየግቢው አጥር የሚበቅለው ስሚዛ ቅጠሉ ተወቅጦ ጭማቂው ለበሽተኛው ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም የሚሰጡ አሉ። በሽተኛው የዳነ እንደ ሆነ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ነገር ግን በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፈው የጉበት ብግነት ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ሲሆን፣ በደም የሚተላለፈው ሌላው ዓይነት ድምፁን አጥፍቶ ጉበትን ለብዙ ዓመታት ሊበላ ይችላል። ሁለቱን በዐይን ቀለም ብቻ መለየት አይቻልም።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሕሙማንን ማከም እንደ ጀመሩ የታወቀ ነው። በእነርሱ ሆስፒታል ቦታ ላይ ቆይቶ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ፤ ይህም ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ነው። በዚያ ዘመን ወደዚያ የሄደ የጉበት በሽተኛ ምን ምርመራ ይደረግለት ነበር? ሐኪሙ የቀኙን የጎን አጥንት ሥር በጣቱ ይዳስሳል፤ ዐይኑን ገልጦ፣ የሽንቱን ቀለም ተመልክቶ ይፈርዳል። በሠለጠነውም ዓለም ቢሆን ከዚህ እጅግ የራቀ ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ። በ1937 ብራውንሽታይንና ክሪትዝማን የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት የርግብ ደረት ሥጋ ፈጭተው ሲመረምሩ፣ ከአንዱ አሚኖ አሲድ ላይ የተወሰነ ክፍል አንሥቶ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚያሻግር ኢንዚም አገኙ። የወፍ በሽታን የሚገልጠው ነገር ከወፍ ሥጋ መገኘቱ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ያስደንቃል። በ1954 ደግሞ በኒውዮርክ ላዱ፣ ቭሮብሌቭስኪና ካርመን ከዚህ ዓይነት ኢንዚም አንዱ የልብ ጡንቻ በተጎዳ ሰው ደም ውስጥ እንደሚበዛ አስታወቁ። ወዲያውም በኔፕልስ ደ ሪቲስና ባልደረቦቹ በጉበት ብግነት ጊዜም እንደዚሁ እንደሚሆን አሳዩ። ነገሩ እንስራ ሲሰነጠቅ ውሃው እንደሚወጣ ያለ ነው፤ የጉበት ሕዋስ ሲቆስል በውስጡ የነበረው ኢንዚም ወደ ደም ይፈሳል።

ሐኪሞቻችን ቀድሞ ኤስ ጂ ፒ ቲ፣ አሁን ኤ ኤል ቲ የሚሉት ይህን ነው። በ1957 ራይትማንና ፍራንክል ውጤቱን በቀለም የሚያሳይ ቀላል ዘዴ አወጡ፤ ቀለሙ ሲጠቁር የኢንዚሙን መብዛት ያመለክታል። በኋላ የመጣው ኪት የበለጠ ትክክል ነው። ከበሽተኛው ደም የተለየው ሴረም ከኪቱ ፈሳሽ ጋራ በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀላቀላል፤ መሣሪያውም ዐይን የማያየውን የ340 ናኖሜትር ብርሃን አሳልፎ ፈሳሹ የሚውጠው ብርሃን በየደቂቃው ምን ያህል እንደ ቀነሰ ይቈጥራል። ቅነሳው በፈጠነ ቁጥር ኢንዚሙ ብዙ ነው። የጤነኛ ሰው መጠን እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም ብዙ ጊዜ በሊትር ከ40 ዩኒት አይበልጥም።

በእኔ አስተያየት የነገሩ ታላቅነት ከግኝቱ ይልቅ በጠርሙሱ ነው። ቀድሞ ይህን ለመለካት ቅመማውን በእጁ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ተመጥኖና ታሽጎ የሚመጣው ኪት ግን ሥራውን ለላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ ሰጠው። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው፤ ጠርሙሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሕዋሱ ከፈረሰ በውስጡ ያለው ኢንዚም ስለሚወጣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጤነኛውም ሰው በሽተኛ ይመስላል።

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ፣ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ሆነ፤ ዛሬም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈሩን ሕዝቡ አሁንም «ፓስተር» ይለዋል። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል የተነሣው የወፍ በሽታ ወረርሽኝ ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን በ1991 ባሳተሙት ጥናት ገለጡ። ከ2001 ጀምሮ በትግራይ ጸዳ እምባ በተባለ መንደር የታየው የጉበት በሽታ ግን ከተሕዋስያን የመጣ አልነበረም። መርማሪዎቹ በመጨረሻ የጠረጠሩት ከእህል ጋራ የተቀላቀለ መርዛም አረም ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ኢንዚሙ ጉበት መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደ ጎዳው አይናገርም።

ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ለረጅም ዘመን ሲታከሙ ኖረዋል፤ በ2009 መድኃኒት የተላመደውን የሳንባ ነቀርሳ ማከም የተጀመረውም በዚያ ነው። ከተራው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ውስጥ ኢሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሳንባውን ሲያድኑ ጉበቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ቢተው ነቀርሳው ይበረታል፤ ባይተው ጉበቱ ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙም በዚህ መካከል የሚይዘው የላቦራቶሪውን ቁጥር ነው። በተለመደው መመሪያ ኢንዚሙ ከጤናው መጠን ወሰን ሦስት እጥፍ ደርሶ ማቅለሽለሽ ወይም የዐይን ቢጫነት ካለ፣ ያለ ምልክትም አምስት እጥፍ ከደረሰ መድኃኒቱ ይቆማል። ከዚያም ደሙ እየተቀዳ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲወርድ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ።