ደማችን የተደፋበት ዓመት ምርጫ

በፈረንጆቹ ጥር 1996 ትዝ ይላችኋል? የለገስነው ደም በስውር ሲጣል መኖሩን ጋዜጣ አወጣው። ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት በሺዎች ሆነን ጮኽን፤ ጭስና ዱላም ቀመስን።

በአራተኛው ወር ምርጫ መጣ። እዚህ ቂርያት ጋት ቡና ላይ ሳይቀር ክርክር ሆነ። ቆራጦቹ ልጆቻችን ደማችንን ለደፋ መንግሥት ድምፃችንን አንሰጥም አሉ። እኛስ? ለዚች አገር ብለን ስንቱን ወገን ሱዳን ቀብረን መጥተን ቤት እንቀመጥ?

ኔታንያሁ ፔሬስን በ29,457 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ባዶና የተበላሸው ወረቀት ግን ከ140 ሺህ በላይ ነበር!

ሰልፉን ከመሩት አንዱ አቶ አዲሱ መሰለ ከእኛ የመጀመሪያው የክነሴት አባል ሆኑ፤ ያውም በዚያው በጮኽንበት መንግሥት ፓርቲ። ይህ ሲነሳ ቤታችን ዛሬም ሁለት ይሆናል።