ዜጋውን እስከ ባሕር ማዶ የተከተለ ግብር

በአብዛኛው ዓለም ግብር የሚጠየቀው ሰው በሚኖርበት አገርና ገቢው በተገኘበት ምድር ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው፤ ዜጋው የትም ይኑር የት ገቢውን ለዋሽንግተን እንዲያስታውቅ ያዛል። ሁለት ዜግነት ያለው ሰው በትውልድ አገሩ የቁጠባ ሒሳብ ሲከፍት ከዚህ ሕግ ጋር ይገናኛል። የሕጉ አመጣጥ ሲመረመር ግን ሥሩ የሚገኘው ከባንክ ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ሲፈነዳ፣ ለወጪው መሸፈኛ የመጀመሪያው የገቢ ግብር ታወጀ። በ1864 የወጣው ሕግ ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች ከማናቸውም ምንጭ በሚያገኙት ገቢ ላይ እንዲገብሩ ደነገገ። ጦርነቱ አበቃ፤ ግብሩም በ1872 ቀረ፤ ሐሳቡ ግን አልቀረም። በ1913 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የገቢ ግብር ሲመለስ፣ ዜጋን በዜግነቱ የማስገበር መርሕ አብሮት ተመለሰ።

መርሑ በ1924 በፍርድ ተፈተነ። መኖሪያውም ንብረቱም በሜክሲኮ የነበረ ኩክ የተባለ አሜሪካዊ፣ ከዚያው ባገኘው ገቢ ግብር ቢጠየቅ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ እየተቃወመ ከፈለና ገንዘቡ እንዲመለስለት ግብር ሰብሳቢውን ቴይትን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም፣ መንግሥት ዜጋውንና ንብረቱን በያሉበት ይጠቅማልና የማስገበር ሥልጣኑን ድንበር አያግደውም ሲል ፈረደበት።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው የገቢ ነበር። በ1970 የወጣው የባንክ ምሥጢር ሕግ ግን ሒሳቡን ራሱን ወደ ማስታወቅ ተሻገረ። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ፣ በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ የሚከፈል ግብር ባይኖርም መግለጫ መቅረብ አለበት። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያን ደንበኞቻቸውን ሒሳብ እንዲያሳውቁ፣ እምቢ ቢሉ ከአሜሪካ ከሚመጣላቸው ክፍያ 30 በመቶ እንዲቀነስባቸው ደነገገ። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ አንዳንድ ባንኮች አሜሪካዊ ደንበኛን እስከ መመለስ ደረሱ።

ይህ ግዴታ ምን ያህል እንደሚከብድ የአሌክሳንድሩ ቢትነር ጉዳይ ያስረዳል። ቢትነር ሩማኒያ ተወልዶ በ1982 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ዜግነት ወሰደ፤ ሳሕን በማጠብና በቧንቧ ሥራም ተዳደረ። በ1990 ወደ ሩማኒያ ተመልሶ በንግድ በለጸገ። ስለ መግለጫው ያወቀው በ2011 ወደ አሜሪካ ሲመለስ ነበር። የ5 ዓመት ሒሳቦቹ 272 ተብለው ተቆጥረው 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ቅጣቱ በሒሳቦቹ ሳይሆን በመግለጫዎቹ ቁጥር ይታሰብ በማለቱ ጣሪያው 50,000 ዶላር ሆነ።

ነገሩ ከእኛም አይርቅም። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ አሜሪካዊ የሆነ ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚስተናገደው በትውልደ ኢትዮጵያዊነቱ ነው። በዋሽንግተን ዘንድ ግን በብር ያስቀመጠው ቁጠባ የውጭ አገር ሒሳብ ነው። እርጅናውን በአገሩ ለማሳለፍ ጥሪቱን የሰበሰበ ሰው፣ ግብር መክፈልና ሒሳብ ማስታወቅ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች መሆናቸውን ሳያውቅ ቢቀር፣ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ሊቀጣ ይችላል። ለጦር ወጪ የታወጀው ግብር ያስተከለው መርሕ ዛሬ የሚደርሰው እስከ ጡረተኛው የቁጠባ ደብተር ነው።