ዝናቡስ መጣ፣ በሬው የት አለ?

የአንድ አገር ኢኮኖሚ ከታላቅ የተፈጥሮ አደጋ በኋላ ምን ይሆናል? መቼስ ነው አገገመ የሚባለው? ይህን ስንጠይቅ ብዙውን ጊዜ ዐይናችን የሚያየው ሰማይ ሰማዩን ነው። ዘነበ፣ አልዘነበም እንላለን። ያገራችን የክፉ ቀን ታሪክ ግን ወደ ቀንበሩም እንድናይ ያስገድደናል።

እንደሚታወቀው ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ዘመን ነው። መነሻው የከብት በሽታ ነበር፤ ስሙ ይገርማል፣ ሕዝቡ «ደስታ» ይለዋል። ጣሊያኖች ከውጭ ባስመጧቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደገባ ይነገራል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታትለው መጡበት። ሰዉ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ የሕዝቡ ሲሶ አለቀ የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዝናብ አንድ ክረምት ቢቀር በሚቀጥለው ሊመለስ ይችላል። በሬ ግን እንዲህ አይደለም። ጥጃ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ቀንበር ለምዶ እስኪያርስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ ያውም የምትወልድ ላም ከተረፈች ነው። ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ለማረስ እንኳ አንድ በሬ ያስፈልጋል። እንግዲህ መሬቱ አለ፣ ዝናቡም መጣ፣ የሚያርስ ግን ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ የዘመኑ ታሪክ ጽፏል። መልካም ነው። ሆኖም ዶማ ነፍስ ያቆያል እንጂ ጥማድ በሬ የሚያዳርሰውን መሬት አያዳርስም።

ታዲያ አገሪቱ እንዴት አገገመች? ክፉ ቀን ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ መቶ ሺህ ያህል ጦር ዐድዋ ላይ ተሰልፏል። ይህ ሁሉ ጦር ስንቁን ከየት አገኘ? የመልሱ ከፊል ያለው ደቡብ ነው። በረሀብ የተመታው የሰሜኑ ወታደር ወደ ደቡብ ዘመተ፤ ከብት ነዳ፣ እህል ጫነ፣ ኋላም ገባር ተመደበለት። የሐረር ንግድ፣ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ የመንግሥት ገቢ ሆነ። ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየገባ መብላቱ እንዲቀር ተብሎም አሥራት ተደነገገ፤ የመንግሥት ጎተራ ግን የሚሞላው ያው ከገበሬው አውድማ ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ማገገምና የገበሬ ማገገም አንድ አይደለም። መንግሥት አገገመ። የደቡቡ ገበሬ ግን የራሱ ከብት በዚያው በሽታ አልቆበት ሳለ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ተደረገ። እሱ ምኑን አገገመ? የዐድዋ ድል የሁላችን ኩራት ነው፤ ስንቁን ያዋጣው ሰውም ከታሪኩ መውጣት የለበትም።

የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ድርቅ ግን ዛሬም ይመጣል፤ ገበሬውም ልጆቹን ለማብላት በሬውን ይሸጣል። ከአደጋ በኋላ «ኢኮኖሚው አንሰራራ» ሲባል በሰማን ቁጥር አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ያ ገበሬ በሬውን መልሶ አገኘ ወይ? ካላገኘ፣ ያንሰራራው የማን ኢኮኖሚ ነው?