ለንጉሥ ተገዙ፣ ለንጉሥ ግን አልሰገዱም

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚያ ብርሃን 38 ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ስፍራ የሆነውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል አልሸሸገውም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት በንጉሡና በካህናቱ ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ ተረታችሁ ተባሉ፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀን ደግሞ በድንጋይ ተወገሩ። መጋቢት 10፣ በመስቀል በዓል፣ ብርሃኑ ታየ። ጊዜው 1440ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር።

ንጉሡ ብርሃኑን ሥራቸው በእግዚአብሔር ዘንድ ለመወደዱ ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማ ቆረቆሩ። የሟቾቹ ወገኖች ደግሞ ብርሃኑ የወረደው ለሰማዕታቱ ነው አሉ።

የእነዚህ መነኮሳት ማኅበር መሥራች አባ እስጢፋኖስ የአጋሜ ሰው ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ከአባ ሳሙኤል ገዳም ገብተው መነኮሱ። ሥርዓታቸው ጥብቅ ነበር፤ መነኩሴ በእጁ ሠርቶ ይብላ፣ ንብረቱ የማኅበር ይሁን፣ የቤተ መንግሥት ስጦታ ይቅርበት የሚል። በዚያ ዘመን ብዙ ገዳም በጉልት መሬት የሚተዳደር ነበርና ይህ አቋም ብቻውን ጠላት ለማፍራት በቂ ነበር። ክሱ ግን የመጣው በስግደት ነው። በንጉሥ ፊት የቀረበ ሰው ግንባሩን መሬት አስነክቶ መስገድ ነበረበት። እሳቸው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ካልሆነ በቀር አልሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለእመቤታችንም በዚያው ቃላቸው ጸኑ፤ «ፀረ ማርያም» የሚለው ስም የተለጠፈባቸው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ሽፍቶች አልነበሩም። ዘውዱን የሚሻማ ባላባት ከኋላቸው አላሰለፉም። በዓለማዊው ነገር ንጉሡ ንጉሣቸው ነበሩ፤ ሲጠሩ ይቀርባሉ፣ ሲፈረድባቸው ይቀበላሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ክርስቲያን ለባለ ሥልጣን እንዲገዛ፣ በግፍ መከራ ቢደርስበትም እንዲታገሥ ያስተምራል። ይህን ትምህርት በየዘመኑ የተነሱ ገዢዎች ወደውታል፤ ሕዝብን ዝም ለማሰኘት ተጠቅመውበታል። በሸንጎ ፊት ቆሞ መስበኬን አልተውም ያለው ግን ያው ጴጥሮስ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ ሁለቱንም ጴጥሮስ ይዘው ኖሩ። ሥጋቸውን ለንጉሡ ፍርድ ሰጡ፤ ስግደታቸውን ከለከሉ። ምላሳቸው እስኪቆረጥ ድረስ ደግሞ ተከራከሩ። ትዕግሥታቸውን የማከብረው ስለዚህ ነው፤ ግፉን እየተቀበሉ ግፍ መሆኑን ከመናገር አልቦዘኑም።

አባ እስጢፋኖስ በመከራ ላይ እንዳሉ አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ከስደት ወደ ስደት ተንከራተቱ። እስከ አንገታቸው ተቀብረው ከብት የተነዳባቸው እንደነበሩ ገድሎቻቸው ይተርካሉ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ጨካኝ ብሎ ብቻ ማለፍ ግን ታሪኩን ያቀልለዋል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኚህ ሰው በሃይማኖት መጻሕፍት ድርሰት የታወቁ ሊቅ ናቸው። በሰንበት ጉዳይ ተከፍላ የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን አስታርቀዋል። ሐሳባቸው አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ እንዲጽፍ፣ ሰይጣንን መካዱንም በእጁ ላይ እንዲያትም አዘዋል። ከጣዖት ጋር ተነካክተዋል የተባሉ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አስገርፈዋል። ሊቅነትና ዘውድ በአንድ ሰው ሲገናኙ በሐሳብ የተለየ ሁሉ በመንግሥት ላይ ያመፀ ይመስላል። በእኔ እምነት የዚያ ዘመን ክፉ ዕዳ ይህ ነው።

ማኅበሩ ግን አልጠፋም። በአጋሜ ምሥራቅ፣ ለመድረስ እግር በሚፈትን ገደላማ ስፍራ፣ ጉንዳጉንዴ ገዳም ላይ ተሰባሰበ። እነ አባ አበከረዙን፣ ኋላም አባ ዕዝራ መሩት። ከዘርዓ ያዕቆብ በኋላ በነገሡት ዘመን ስደቱ እየረገበ ሄደ፤ ማኅበሩም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀራረበ። በእጅ ሥራ መኖር የሚለው ሕጋቸው ብራና መፋቅና መጻፍንም ያጠቃልል ነበርና ገዳሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ባለቤት ሆነ። በቀለማት የተሸመኑ ሐረጎቻቸውን ያየ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል።

ገድሎቻቸውን በአማርኛ እንድናነብ ያደረጉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» የተሰኘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች መኖሪያ ቤታቸው ድረስ መጥተው በተኮሱባቸው ጥይት ከወገብ በታች ሽባ ሆነዋል፤ መጽሐፉን ያዘጋጁት በስደት አገር፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ባለ ሥልጣን በሐሳብ የተለየውን ሰው ምን ሊያደርገው እንደሚችል በገዛ ሰውነታቸው ያውቁት ነበር። በ2013 ዓ.ም. አረፉ።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ክርክሩ ተነሥቷል። የወንጌላውያን አማኞች ከሉተር በፊት የነበሩ ተሐድሶዎች ይሏቸዋል፤ ከኦርቶዶክሳውያን ወገን ደግሞ ዛሬም መናፍቃን የሚሏቸው አሉ። ሁለቱም የሚቸኩሉ ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች ጾመኞች፣ ለምንኩስና ሕግ እስከ ሞት የጸኑ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ልናቋቁም ያላሉ የዚህችው ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። ሉተር የተወለደው እነሱ ከተወገሩ ከ29 ዓመት በኋላ ነው። ለንጉሥ አንሰግድም ያሉበትን ምክንያት ያገኙት በግእዝ ከሚያነቧቸው፣ በየዕለቱ ከሚጸልዩባቸው መጻሕፍት ነው። ዘርዓ ያዕቆብም የሚያነቡት እነዚያኑ መጻሕፍት ነበር።