ስለ ስፓኒንግ ትሪ ታሪክና በልዩ ልዩ ፋብሪካ ስዊቾች መካከል ስላለው ጠባይ

የኮምፒዩተር መረብ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የፍጥነቱ ማደግ ነው። በመሣሪያዎች መካከል የተደረገው ስምምነት ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ አጭር ጥናት ከነዚህ ስምምነቶች አንዱን፣ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ፕሮቶኮል ይመለከታል። የምንመረምረውም ጥያቄ ይህ ነው፦ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ መሣሪያዎችን ለማስማማት የተፈጠረ ሕግ፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ስዊቾች በአንድ መረብ ሲገናኙ ስለ ምን ይሰናከላል? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ አገር፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው ኩባንያ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የኤተርኔት ገመዶች እየበዙ ሲሄዱ፣ አንዱን ገመድ ከሌላው የሚያገናኝ ብሪጅ የተባለ መሣሪያ አስፈለገ፤ የዛሬው ስዊች የዚሁ የብሪጅ ልጅ ነው። አንድ መስመር ቢበጠስ ሥራ እንዳይቆም ሁለተኛ መስመር መዘርጋት ብልህነት ነው። ዳሩ ግን ሁለተኛው መስመር ዙር ይፈጥራል። በኤተርኔት የሚላከው መልእክት በስንት መሣሪያ እንዳለፈ የሚቈጠርበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ወደ ዙር የገባ መልእክት ማብቂያ የለውም፤ ለሁሉ የተላከ እንደ ሆነም በየመገናኛው እየተባዛ መረቡን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያጥለቀልቀዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት የኩባንያው ባለሙያ ራዲያ ፐርልማን ናቸው፤ ዘዴውንም በ1985 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ ገለጡት። እያንዳንዱ ብሪጅ የራሱ መለያ አለው፤ መለያውም መረቡን የሚያስተዳድረው ሰው ከሚወስነው የማዕርግ ቍጥርና ፋብሪካው ከሰጠው አድራሻ የተሠራ ነው። ከሁሉ ያነሰ መለያ ያለው የዛፉ ሥር ይሆናል። የቀሩት ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን ዋጋው ያነሰ መንገድ መርጠው ትርፉን መንገድ ይዘጋሉ። ሥሩ በየ2 ሴኮንዱ መኖሩን ያስታውቃል። ይህ ማስታወቂያ ለ20 ሴኮንድ ከጠፋ መንገዱ እንደ ተበጠሰ ይቈጠራል፤ ተዘግቶ የነበረው መስመርም ሁለት ጊዜ 15 ሴኮንድ ጠብቆ ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። በዚህ ሕግ ዝምታ ፈቃድ ነው። ማስታወቂያ ያልሰማ ስዊች ከወዲያ ጎረቤት እንደሌለ ቈጥሮ በሩን ይከፍታል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ብሂል በስዊቾች ዘንድ አይሠራም። ጎረቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚናገር ቢሆንም ለሰሚው ያው ዝምታ ነው፤ የምንተርከውም ችግር በብዛት የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው መለያየት ገና በማለዳው መጣ። በ1990 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሮች ማኅበር 802.1ዲ የተባለውን ደንብ አወጣ። ደንቡ የፐርልማንን ዘዴ የተከተለ ቢሆንም፣ የማስታወቂያው አጻጻፍና የሚላክበት አድራሻ ከዲጂታል ኩባንያ የተለየ ሆነ። ስለዚህ የኩባንያውን ቋንቋ ብቻ የሚያውቀው ብሪጅና የማኅበሩን ደንብ ብቻ የሚያውቀው ብሪጅ በአንድ መረብ ሲገናኙ አይደማመጡም ነበር። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ዛፍ በቀለ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ዙር ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ሁለተኛው መለያየት የተነሣው ቪላን ከተባለው፣ አንዱን መረብ እንደ ብዙ መረብ ከፋፍሎ ከሚያሠራው ዘዴ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው 802.1ኪው ደንብ ለሁሉም ቪላን አንድ ዛፍ አዘዘ። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ግን ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱን ዛፍ ተከለ። ከሌሎች ጋር ለመግባባት በቪላን 1 የማኅበሩን ቋንቋ ይናገራል፤ ለሌሎቹ ቪላኖች ግን በራሱ አድራሻ ይልካል። የሌላ ፋብሪካ ስዊች ይህን የማያውቅ ከሆነ ሳያነብበው ያሳልፈዋል፤ በመካከል ያሉት ባዕዳን ስዊቾችም ለሲስኮ እንደ አንድ ገመድ ሆነው ይታዩታል። ዘዴው ብልሃት አለበት። ነገር ግን በአንድ ወገን አንድ ዛፍ፣ በሌላው ወገን ብዙ ዛፍ መኖሩን ያላወቀ ሠራተኛ የተዘጋው መስመር የት እንደ ሆነ ለማግኘት ይቸገራል።

ሦስተኛው የመጣው ከመሻሻል ነው። በ2001 ዓ.ም. 802.1ደብልዩ የተባለው ፈጣን ዛፍ ወጣ፤ ነገር ግን አሮጌ ጎረቤት ባለበት በር ላይ ፈጣኑም ወደ ቀድሞው ዝግታ ይመለሳል። በዚያው ዓመት የመንገድ ዋጋ ተለወጠ። ቀድሞ የ100 ሜጋቢት መስመር ዋጋ 19፣ የ1 ጊጋቢት 4 ነበር፤ በአዲሱ ደንብ 200,000 እና 20,000 ሆኑ። ሁለቱ አቈጣጠሮች በአንድ መረብ ሲቀላቀሉ 19 ከ20,000 ስለሚያንስ ቀርፋፋው መስመር ይመረጣል። እንዲሁም የማዕርጉን ቍጥር ማንም ካልወሰነ ስዊቾቹ በልማድ 32,768 ይዘው ስለሚወጡ ምርጫው በፋብሪካ አድራሻ ብቻ ይፈጸማል። ከአንድ ፋብሪካ በወጡት መካከል ያነሰው አድራሻ ብዙ ጊዜ የአሮጌው ዕቃ ነው፤ በጥግ የተረሳ ስዊችም የመረቡ ሁሉ ሥር ሆኖ ይገኛል።

የስምምነት ወሰን ሲታለፍ የሚመጣውን ጉዳት ለማየት የቦስተንን ታሪክ እንጥቀስ። በ2002 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል መረብ ወደቀ። መረቡ በየዓመቱ እየተቀጣጠለ ያደገ ነበር። የስፓኒንግ ትሪ ደንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ7 ብሪጅ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የሆስፒታሉ ግን ከዚያ ዐልፎ ነበር። ከአንድ ተመራማሪ ኮምፒዩተር ብዙ መረጃ በጐረፈ ጊዜ ዛፉ ሊጸና አልቻለም። ሐኪሞችና ነርሶች ለጥቂት ቀናት ትእዛዝና ውጤት በወረቀት ሲጽፉ ሰነበቱ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ሓላፊ ጆን ሃላምካ ነገሩን ሳይሸሽጉ በይፋ ተናገሩ፤ መረቡም በራውተር ተከፋፍሎ እንደ ገና ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ስፓኒንግ ትሪ አለቃ ሳይሾምለት በራሱ እንዲሠራ ታስቦ የተፈጠረ ስለሆነ፣ ሰዎች ጠባቂ የማያሻው አድርገው ተመለከቱት። ዕቃው ከአንድ ፋብሪካ በሆነበት፣ መረቡም ትንሽ በሆነበት ቤት ይህ እምነት ብዙ አይጎዳም። ዕቃው በየዘመኑ ከየፋብሪካው በተሰበሰበበት ቤት ግን ሥሩን በእጅ መሾም፣ ሁሉም በአንድ የዋጋ አቈጣጠር እንዲሠሩ ማድረግ፣ ለብዙ ቪላን በ2002 ዓ.ም. የወጣውን 802.1ኤስ የተባለውን የጋራ ደንብ መምረጥ፣ ማስታወቂያውን ሳያነቡ የሚጥሉ ርካሽ ስዊቾችንም ከትርፍ መስመር ማራቅ ይገባል። ሕጉ ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቈጥር ከሆነ፣ ዝም ያለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ የመረቡ ጠባቂ ሥራ ነው።